«መጨረሻ ላይ ዘርዝሬአለሁ» ማለት በቂ ነውን? ስለ ምንጭ አጠቃቀስ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የመጀመሪያ ዲግሪ መመረቂያ ጥናቴን ለአማካሪዬ ካስገባሁ በኋላ በመፈተሻ ሶፍትዌር 31 በመቶ ተመሳሳይነት ተገኝቶበታል ተብሎ ተመለሰልኝ። እኔ ግን ከማንም አልሰረቅሁም። የተጠቀምኩባቸውን መጻሕፍትና መጣጥፎች በሙሉ በመጨረሻው ገጽ ዘርዝሬአለሁ፤ የወሰድኳቸውን ዐረፍተ ነገሮች ቃላቸውን ቀይሬ ነው የጻፍኩት፤ የክለሳውን ምዕራፍ ገሚስ ደግሞ ከእንግሊዝኛ ራሴ ነኝ የተረጎምኩት። ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው? ተመሳሳይነቱስ እስከ ስንት በመቶ ይፈቀዳል?»

ምላሽ፦ ለመስረቅ አስበው እንዳልተነሡ ከአጠያየቅዎ እረዳለሁ። ይሁን እንጂ ለመከላከያ ያቀረቧቸው ሦስት ነገሮች፣ ማለትም ምንጮችን መጨረሻ ላይ መዘርዘር፣ ቃላትን መቀያየርና ራስ መተርጎም፣ አማካሪዎ ጽሑፉን የመለሱበትን ምክንያት ቁልጭ አድርገው የሚያሳዩ እንጂ የሚያስተባብሉ አይደሉም። ሦስቱም ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው፤ እርሱም ምንጭ መጥቀስ ጽሑፉ ካለቀ በኋላ የሚደረግ የማሳመሪያ ሥራ ነው የሚለው እምነት ነው። የተማሪዎችን ጽሑፍ ሳርም የታዘብኩት ግን ተቃራኒውን ነው። አንድ ጥናት የሚጠራውም ሆነ የሚበላሸው መጽሐፉ ተገልጦ ማስታወሻ በሚያዝበት ዕለት ነው፤ በመጻፊያው ሰሞን የሚታየው የዚያን ዕለት ሥራ ውጤት ነው። ወደዚህ ነጥብ እመለሳለሁ፤ አስቀድሜ ግን ተማሪን ከሁሉ በላይ የሚያሳስተውን የመቶኛ ነገር ላንሣ።

ሶፍትዌሩ ስርቆትን አይለይም። እንደ ተርንኢቲን ያሉ መፈተሻዎች የሚያደርጉት ጽሑፍዎን በማኅደራቸው ካከማቿቸው ድረ ገጾች፣ መጽሔቶችና ቀደም ሲል ከገቡ የተማሪ ሥራዎች ጋር አስተያይተው ተመሳሳይ የሆነውን የቃላት ቅንጅት ቀለም መቀባትና የተቀባው ክፍል ከጠቅላላው ስንት እጅ እንደሆነ ማስላት ነው። ተርንኢቲን እስከ 24 በመቶ ያለውን በአረንጓዴ፣ ከ25 እስከ 49 ያለውን በቢጫ፣ ከ50 እስከ 74 ያለውን በብርቱካንማ፣ ከዚያ በላይ ያለውን በቀይ ያመለክታል፤ ቀለሙ ግን የመመሳሰሉን መጠን ይናገራል እንጂ ፍርድ አይሰጥም። ከእርስዎ 31 በመቶ ውስጥ የዋቢ ጽሑፎች ዝርዝሩ ራሱ፣ በትምህርተ ጥቅስ በትክክል የተከበቡ ጥቅሶች፣ የተቋማት ረጃጅም ስሞች፣ እንዲሁም በጥናት ዘዴ ምዕራፍ ሁሉም ሰው የሚጠቀምባቸው የተለመዱ ሐረጎች ሊኖሩበት ይችላሉ፤ እነዚህ ቢቀለሙም ጥፋት አይደሉም። በአንጻሩ የ50 ገጽ ጥናት 4 በመቶ ማለት 2 ሙሉ ገጽ ማለት ነው፤ እነዚያ 2 ገጾች ከአንድ መጣጥፍ ምንጫቸው ሳይጠቀስ የተገለበጡ ከሆነ ዘገባው አረንጓዴ ቢያሳይም ነገሩ ስርቆት መሆኑ አይቀርም። ስለዚህ ምንጩ ሳይጠቀስ እንዲወሰድ የተፈቀደ መጠን የለም ብዬ እመልስልዎታለሁ። ተቋምዎ ጣሪያ አስቀምጦ ከሆነ ያክብሩት፤ ከጣሪያው በታች ላለው ሁሉ ግን የይለፍ ወረቀት አድርገው አይውሰዱት። ቁጥሩን ለማውረድ ሲሉ ብቻ ቃል እየቀያየሩ ጽሑፋቸውን ደጋግመው የሚያስፈትሹ ተማሪዎች አሉ፤ ይህ ሕመሙን ትቶ ልኬቱን ማከም ነው።

ፕላጃሪዝም ለሚለው ቃል በአማርኛ የጽሑፍ ስርቆት ስንል ትርጉሙ በጥቂቱ ይጠብብናል፤ መገልበጡ ብቻ ጥፋት ይመስለናልና። የቃሉ ሥር ላቲን ሲሆን ፕላጊያሪዩስ ይባል የነበረው ሰው አፍኖ የሚወስድ ወንበዴ ነበር። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የኖረው ሮማዊው ባለቅኔ ማርሻል ግጥሞቹን የራሱ አስመስሎ ለሕዝብ ያነብብ የነበረን አንድ ሰው በዚህ ቃል ወረፈው። ማርሻል የተቆጣው ግጥሙ በመነበቡ አይደለም፤ በሌላ ሰው ስም በመነበቡ ነው። የጽሑፍ ስርቆት ከቅጂ መብት ጥሰት የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። ደራሲው ከሞተ 200 ዓመት ያለፈውን መጽሐፍ ማሳተም በሕግ ላያስጠይቅ ይችላል፤ ከዚያ መጽሐፍ አንድ አንቀጽ ወስዶ የራስ ማስመሰል ግን ዛሬም ስርቆት ነው። ፈቃድ ማግኘትም ነገሩን አያጠራውም፤ ጓደኛዎ ጽሑፉን በሙሉ ፈቃዱ ቢሰጥዎ እንኳ በስምዎ ካስገቡት ያታለሉት አንባቢውን ነው።

ከዚህ ተነሥተን የመጀመሪያውን መከላከያዎን እንመልከት። በመጨረሻው ገጽ የተደረደሩት ርእሶች ለአንባቢው የሚነግሩት «እነዚህን አንብቤአለሁ» የሚል ብቻ ነው። አንባቢው የሚፈልገው ግን ሌላ ነው፤ በሦስተኛው ምዕራፍ በሁለተኛው አንቀጽ ያለው ይህ አሳብ የማን እንደሆነ፣ ከየትኛው መጽሐፍ ከስንተኛው ገጽ እንደመጣ ማወቅ ይፈልጋል። ይህን የሚነግረው በጽሑፉ ውስጥ የሚገባው ማጣቀሻ ነው። ዝርዝሩና ማጣቀሻው እንደ በርና ቁልፍ ናቸው፤ በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሰ ሁሉ በዝርዝሩ ውስጥ መገኘት፣ በዝርዝሩ ያለውም ሁሉ በጽሑፉ ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ መጠቀስ አለበት። ጥናቱን ለማሳበጥ ሲባል ያልተነበቡ መጻሕፍትን በዝርዝሩ መደርደር የተለመደ ቢሆንም ከሐሰት ምስክርነት አይለይም።

ማጣቀሻው የሚገባበት ቦታም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ብዙ ተማሪዎች ስምንት ዐረፍተ ነገር ያለው አንቀጽ ጽፈው በመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ጫፍ ላይ አንድ ቅንፍ ያስቀምጣሉ። ያ ቅንፍ ወደ ኋላ እስከ የት ድረስ እንደሚሸፍን አንባቢው በምን ያውቃል? መፍትሔው ባለቤቱን አንቀጹ ሲጀመር ማስተዋወቅ ነው፤ «እገሌ እንደሚያስረዱት» ብለው ይጀምሩ፣ በመካከል «እንደ እርሳቸው አባባል» እያሉ ክሩን ይያዙ፣ የራስዎ አሳብ ሲጀምር ደግሞ «ከዚህ የምረዳው» ወይም «በዚህ ጥናት ግን» በሚል ድንበሩን ያኑሩ። አማርኛ ለዚህ ሥራ የሚሆኑ ግሶች ሞልተውታል፤ እኛ ግን ሁሉንም ነገር «ይላሉ» በሚለው እንጨርሰዋለን። በማስረጃ ያረጋገጡትን «አሳይተዋል»፣ በግምት የተናገሩትን «ይገምታሉ»፣ የተከራከሩለትን «ይሞግታሉ» ብንል አንባቢው ስለ ምንጩ ጥንካሬ ጭምር ይማራል።

ሁለተኛው መከላከያዎ፣ ቃላቱን መቀየሩ፣ በዝርዝር መታየት የሚገባው ነው። ለምሳሌነት እኔው ያዘጋጀሁትን አንድ ምንባብ እንውሰድና ጸሐፊውን «ሀ»፣ ዓመቱን 2010፣ ገጹን 14 እንበለው። ምንባቡ እንዲህ ይላል፦ «ተማሪዎች በፈተና ዋዜማ ሌሊቱን ሙሉ ሲያጠኑ የሚያድሩት ብዙ የሚይዙ መስሏቸው ነው፤ ይሁንና እንቅልፍ የተነፈገ አእምሮ ያነበበውን ከማከማቸት ይልቅ መልሶ ይበትነዋል።»

አንድ ተማሪ ይህን እንዲህ «በራሱ አገላለጽ» ይጽፈዋል፦ ተማሪዎች በፈተና ዋዜማ ሌሊቱን በሙሉ ሲያነቡ የሚነጉት ብዙ ዕውቀት የሚጨብጡ መስሏቸው ነው፤ ነገር ግን እንቅልፍ ያጣ አእምሮ ያነበበውን ከማስቀመጥ ይልቅ መልሶ ይበታትነዋል (ሀ፣ 2010)።

ጎን ለጎን ያስቀምጧቸው። «ማጥናት» «ማንበብ» ሆኗል፣ «ማደር» «መንጋት» ሆኗል፣ «ይሁንና» በ«ነገር ግን» ተተክቷል፤ የዐረፍተ ነገሩ አጥንት ግን እንዳለ ነው። አሳቡ የሚመጣበት ቅደም ተከተል አልተለወጠም፣ ማነጻጸሪያው አልተለወጠም፣ አእምሮ ያነበበውን እንደሚበትን አድርጎ የመሳሉ ውበትም ከ«ሀ» የተወሰደ ነው። ይህ ድሪቶ ነው፤ በሌላ ሰው ልብስ ላይ የራስን ጨርቅ እየለጠፉ መልበስ ነው። ማጣቀሻው መኖሩ ከፊሉን ጥፋት ያቃልላል፤ አንባቢው ግን ቅንፉን ሲያይ አሳቡ የ«ሀ»፣ አነጋገሩ የተማሪው ይመስለዋል። አነጋገሩ የተማሪው አይደለም።

ትክክለኛው መንገድ መጽሐፉን ሁለት ሦስት ጊዜ አንብቦ፣ ከድኖ፣ ለጓደኛ እንደሚያስረዱት አድርጎ ከራስ መጻፍ፣ ከዚያም ከፍቶ ማመሳከር ነው። እንዲህ ሊመጣ ይችላል፦ እንቅልፍ ከጥናት ሰዓት ላይ እንደሚባክን ጊዜ መቆጠሩ ስሕተት እንደሆነ ሀ (2010፣ ገጽ 14) ያስረዳሉ፤ እንደ እርሳቸው አመለካከት ሌሊቱን በንባብ ያነጋ ተማሪ በተጨማሪው ንባብ ከሚያገኘው ይልቅ በእንቅልፍ እጦት የሚያጣው ይበልጣል። እዚህ ላይ አሳቡ የ«ሀ» ነው፣ ባለቤቱም ተነግሯል፤ ዐረፍተ ነገሩ ግን የተማሪው ነው። «መልሶ ይበትነዋል» የሚለው አነጋገር ካማረዎና ሊተዉት ካልወደዱ በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አስገብተው እንዳለ ያቅርቡት፤ ሁለት ቃልም ቢሆን ጥቅስ ጥቅስ ነው። መጽሐፉን ከድነው መጻፍ ካልቻሉ ምንባቡ ገና አልገባዎትም ማለት ነው፤ ያን ጊዜ የሚሻለው ደግሞ ማንበብ ነው።

ቃል በቃል መጥቀስ ተገቢ የሚሆንባቸው ጊዜያት ጥቂት ናቸው፤ የሕግ አንቀጽ፣ የቃል ብያኔ፣ ግጥም፣ ወይም እያንዳንዱን ቃል ይዘው የሚሞግቱት አባባል ሲሆን ነው። ረጅም ጥቅስ ከጽሑፉ ተለይቶ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ያለ ትምህርተ ጥቅስ ይጻፋል፤ «ረጅም» የሚባለው ከታወቁት የምንጭ አጠቃቀስ ሥርዐቶች በኤፒኤ 40 ቃልና ከዚያ በላይ፣ በኤምኤልኤ ከ4 መስመር በላይ የሆነ ስድ ንባብ፣ በቺካጎ ደግሞ 100 ቃልና ከዚያ በላይ ነው። የክለሳ ምዕራፉ ጥቅስ በጥቅስ የሆነበት ተማሪ ምንም አልሰረቀም፤ ምንም አልጻፈም ግን።

ወደ ትርጉሙ ስንመጣ በሐቅ እናውራ። ከ31 በመቶው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሶፍትዌሩ ሳያየው ያለፈው ይህ የተተረጎመው ክፍል ነው። መፈተሻው የሚያነጻጽረው ቃልን ከቃል ጋር ስለሆነ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የተመለሰ አንቀጽ አብዛኛውን ጊዜ ንጹሕ መስሎ ያልፋል። የእርስዎ ድካም በትርጉሙ ላይ መኖሩን አልክድም፤ አሳቡ፣ የአሳቡ አደረጃጀት፣ ምሳሌውና ድምዳሜው ግን የመጀመሪያው ጸሐፊ ናቸው። ስለዚህ ዐረፍተ ነገር በዐረፍተ ነገር የተረጎሙት ሁሉ እንደ ቀጥተኛ ጥቅስ ይቆጠራል፤ በትምህርተ ጥቅስ ይከበባል፣ ገጹ ይጠቀሳል፣ «ትርጉም የእኔ» የሚል ይጨመርበታል። በእንግሊዝኛ አንብበው በአማርኛ ከራስዎ የጻፉት ከሆነ ደግሞ ያለ ትምህርተ ጥቅስ፣ ማጣቀሻውን ይዞ ይገባል። በዚህ ረገድ አማርኛ ጸሐፊ ለድሪቶ የተጋለጠ ነው፤ የተተረጎመ ዐረፍተ ነገር ከምንጩ ፈጽሞ የማይመስል ሆኖ ስለሚታየው የራሱ የሆነ ይመስለዋል። ልምድ ያለው ፈታኝ ግን ያውቀዋል፤ የአማርኛው አካሄድ በድንገት ሲያነክስና ግሱ ከባለቤቱ ሲርቅ ከጀርባው ሌላ ቋንቋ እንዳለ ይገባዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልመለስ። ከዚህ በላይ ያነሣኋቸው ጥፋቶች የሚፈጸሙት በማስታወሻ ላይ ነው። ተማሪው ከበይነ መረብ አንድ አንቀጽ ቀድቶ «በኋላ አስተካክለዋለሁ» ብሎ ረቂቁ ውስጥ ይለጥፋል፤ ከሁለት ወር በኋላ ተመልሶ ሲያነብበው የራሱ ይሁን የሰው መለየት ይሳነዋል። የጀርመኑ መከላከያ ሚኒስትር ካርል ቴዎዶር ሱ ጉተንበርግ በ2011 የዶክትሬት ጽሑፋቸው በስርቆት ሲከሰስ የሰጡት ማብራሪያ በከፊል ምንጮቹ እንደተምታቱባቸው የሚገልጽ ነበር። (በዚህ ምላሽ የተነሡት የክስተት ዓመታት በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።) የባይሮይት ዩኒቨርሲቲ በየካቲት ዲግሪያቸውን ነጠቀ፣ እርሳቸውም ከሳምንት በኋላ ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ የዩኒቨርሲቲው አጣሪ ኮሚሽንም በኋላ ሆን ብለው እንዳታለሉ ደመደመ። የአገሪቱ የትምህርት ሚኒስትር አኔተ ሻቫን ደግሞ በ2013 ከሥልጣን የወረዱት በ1980 ባቀረቡት የዶክትሬት ጽሑፍ ምክንያት ነው። 33 ዓመት ቢያልፍም ጽሑፉ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር። የሚኒስትሮቹን ነገር ያነሣሁት ለማስፈራራት አይደለም፤ «ተምታቶብኝ ነው» የሚለው ምላሽ እውነት ቢሆን እንኳ ማንንም እንደማያድን ለማሳየት ነው።

እኔ የምመክረው አያያዝ ቀላል ነው። ማስታወሻና ረቂቅ በተለያየ ፋይል ወይም ደብተር ይቀመጡ። በማስታወሻው ላይ በመጀመሪያ የጸሐፊው ስም፣ ዓመቱ፣ ርእሱና ገጹ ይሰፍራል፤ ገጹ ሳይጻፍ ምንም አይጻፍ። ቀጥሎ ያለው እያንዳንዱ መስመር ከሦስቱ የአንዱ ምልክት ይኑረው፦ ከመጽሐፉ እንዳለ የተገለበጠ ከሆነ ገና ሲገለበጥ በትምህርተ ጥቅስ ይከበብ፤ በራስዎ ቃል ያጠቃለሉት ከሆነ «ማጠቃለያ» ይበሉት፤ ሲያነቡ በአእምሮዎ የመጣ የራስዎ አሳብ ከሆነ «እኔ» ብለው ይጀምሩት። በ«ሀ» ምሳሌያችን ማስታወሻው ይህን ይመስላል፦ «ሀ፣ 2010፣ ገጽ 14። ጥቅስ፦ «እንቅልፍ የተነፈገ አእምሮ ያነበበውን ከማከማቸት ይልቅ መልሶ ይበትነዋል»። ማጠቃለያ፦ ሌሊት ማጥናት ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል ባይ ናቸው። እኔ፦ ይህ በቀን ሥራ ላይ ለሚውሉ የማታ ተማሪዎችም ይሠራልን?» ያቺ «እኔ» የምትል መስመር ከሁሉ ትበልጣለች፤ ጥናትዎ የሚወለደው ከእርሷ ነው። በማስታወሻ ደብተሩ ላይ «እኔ» የሚል ቃል ያልጻፈ ተማሪ የሚጽፈው ጥናት ምንጮቹ ሁሉ በትክክል ቢጠቀሱ እንኳ የሰው አሳብ መጋዘን ከመሆን አያልፍም።

ምንጮችን ለማደራጀት ዞቴሮን የመሰሉ ነጻ ሶፍትዌሮች ይረዳሉ። ይሁንና ከድረ ገጽ በራሳቸው የሚለቅሙት መረጃ የጸሐፊ ስም የጎደለበት ወይም ዓመቱ የተሳሳተ ሊሆን ስለሚችል በዐይን መታየት አለበት። የመጣጥፍ መለያ የሆነውና ዘወትር በ10 የሚጀምረው የዲኦአይ ቁጥር ካለ ይመዝገብ፤ የድረ ገጽ አድራሻ ይጠፋል፣ ይህ ቁጥር ግን መጣጥፉ ቦታ ቢቀይርም ተከትሎት እንዲሄድ የተበጀ ነው።

ሳያነቡ መጥቀስም ሌላው የተለመደ ጥፋት ነው። «ሀ» መጽሐፋቸው ውስጥ «ለ»ን ጠቅሰው ያነበቡ እንደሆነ እርስዎ ያነበቡት «ሀ»ን ነው፤ ስለዚህ «ለ፣ 1975፣ በሀ፣ 2010፣ ገጽ 30 እንደተጠቀሰው» ብለው ይጽፋሉ፣ በዝርዝሩም «ሀ» ብቻ ይገባል። ይህን ማለት የሚያሳፍር የሚመስላቸው አሉ። እኔም በተማሪነቴ አፍሬ የአንድን የታወቀ መጽሐፍ ገጽ 240 ከሌላ ሰው የግርጌ ማስታወሻ ላይ ገልብጬ እንዳነበብኩት አድርጌ ጻፍሁ። አማካሪዬ መጽሐፉን ከመደርደሪያቸው አውርደው «እስቲ አሳየኝ» አሉ፤ መጽሐፉ ያለቀው ገጽ 212 ላይ ነበር።

የእኔስ በዚያው ቢሮ ቀረ፤ የሌሎች ግን ወደ ዓለም ይወጣል። ስፒናች የተባለው አትክልት በብረት ማዕድን የበለጸገ ነው የሚለው ዝና የመጣው በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአስርዮሽ ነጥብ በስሕተት ተዛውሮ መጠኑ 10 እጥፍ ስለ በዛ ነው የሚለውን ታሪክ ሰምተው ይሆናል። ታሪኩ በ1981 በአንድ የብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ ያለ ምንም ማጣቀሻ ከወጣ በኋላ፣ የሳይንቲስቶችን ግድየለሽነት ለማስተማር ሲባል አንዱ ከሌላው እየወሰደ ሲጠቅሰው ኖረ። በ2010 ማይክ ሰተን የተባሉ ምሁር ዱካውን ወደ ኋላ ተከትለው ለነጥቡ ስሕተት ማስረጃ አጡ፤ ኖርዌያዊው ተመራማሪ ኦሌ ቢዮርን ሬክዳልም በ2014 ይህንኑ ሳያነቡ የመጥቀስ ልማድ ማሳያ አደረጉት። ስለ ግድየለሽነት የሚያስተምረው ታሪክ ራሱ በግድየለሽነት ሲዛመት ኖሯል ማለት ነው።

የትኛውን ሥርዐት ልከተል ለሚለው ብዙ አልቆይበትም። በማኅበራዊ ሳይንስ ኤፒኤ፣ በቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ኤምኤልኤ፣ በታሪክ የቺካጎ የግርጌ ማስታወሻ፣ በሕክምና ቫንኩቨር ይዘወተራሉ፤ ክፍልዎ የወሰነውን ይያዙ፣ አይቀላቅሉ። የነጠላ ሰረዝና የቅንፍ ስሕተት ነጥብ ያስቀንሳል እንጂ ሌባ አያሰኝም። ነገር ግን እነዚህ መመሪያዎች የተጻፉት የቤተሰብ ስም ላለው ጸሐፊ ስለሆነ በአማርኛ ስሞች ላይ ያስቸግራሉ። በእኛ አጠራር ሁለተኛው ስም የአባት ስም ነው፤ ሰውዬው የሚታወቀው በመጀመሪያው ነው። በአማርኛ በሚጻፍ ጥናት ስሙን ሳይገለብጡና ሳያሳጥሩ የራስን ስም ከአባት ስም ጋር አሟልቶ መጻፍ የተለመደና ትክክል ነው። በእንግሊዝኛ በሚጻፍ ሥራ መጽሔቱ ወይም ክፍሉ ይገልበጥ ካለ ይገለበጣል፤ አንዱን ሰው አንድ ቦታ በራሱ ስም፣ ሌላ ቦታ በአባቱ ስም ጠቅሶ ሁለት ሰው ማድረግ ግን አይገባም። ዓመቱም እንዲሁ ነው። በሽፋኑ 2005 ዓ.ም. የሚል መጽሐፍ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የ2012 ወይም የ2013 ነው፤ የኅትመቱ ወር ካልታወቀ አንዱን መርጦ መለወጥ ስሕተት ሊሆን ስለሚችል፣ መጽሐፉ ላይ እንደታተመው ጽፎ «ዓ.ም.» የሚለውን አለመዘንጋት ይሻላል። በአንድ ዝርዝር ውስጥ ሁለቱም አቆጣጠር ካሉ ለሌላው «እ.ኤ.አ.» ይጨመር።

ሳይጠይቁኝ አንድ ነገር ልጨምር፤ ዛሬ በየጥናቱ የሚገጥመኝ ስለሆነ ነው። ቻትጂፒቲ በ2022 መጨረሻ ከወጣ ወዲህ ምንጭ ፈልግልኝ ብለው ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚያዝዙ ተማሪዎች በዝተዋል። እነዚህ መሣሪያዎች የጸሐፊ ስም፣ ዓመት፣ የመጽሔት ርእስና ገጽ አሟልተው፣ ነገር ግን በዓለም ላይ የሌለ መጣጥፍ ሊሰጡ ይችላሉ። በ2023 አንድ የኒው ዮርክ ፌዴራል ዳኛ ሁለት ጠበቆችንና ድርጅታቸውን 5,000 ዶላር የቀጧቸው መሣሪያው የፈጠረላቸውን የሌሉ የፍርድ ቤት ውሳኔዎች ጠቅሰው ስላቀረቡ ነው። ከፍተው በዐይንዎ ያላዩትን ምንጭ አይጥቀሱ። መሣሪያውን ለጽሑፉ ከተጠቀሙበት ደግሞ የተቋምዎን ደንብ ጠይቀው በምን መልኩ እንደተጠቀሙበት ይግለጹ።

የማይጠቀስስ የለም ወይ ቢሉ፣ አለ። ውሃ ከሃይድሮጅንና ከኦክስጅን እንደተሠራ ወይም ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በ1945 እንዳበቃ ለመጻፍ ማጣቀሻ አያሻም፤ በየመጽሐፉ ያለ ማጣቀሻ የሚገኝና የማያከራክር ነገር የሁሉ ነው። የጦርነቱን መነሻ ምክንያት ማብራራት ከጀመሩ ግን ክርክሩ የምሁራን ነውና ባለቤት ይኖረዋል። ሲያመነቱ ይጥቀሱ። ሠንጠረዥ፣ ፎቶግራፍና የመጠይቅ ቅጽም እንደ ጽሑፍ ባለቤት አላቸው። ባለፈው ዓመት ለሌላ ኮርስ ያስገቡትን የራስዎን ጽሑፍ ሳይናገሩ ደግመው ማስገባትም በብዙ ተቋማት ጥፋት ነው፤ ከራስ መስረቅ የሚለው ስያሜ ያስቃል፣ የሚታለለው ግን አዲስ ሥራ ቀረበልኝ ብሎ የሚያርመው መምህር ነው።

አሁን በእጅዎ ያለውን ረቂቅ እንዲህ ያድርጉት። የተመሳሳይነቱን ዘገባ ሙሉውን ይጠይቁና ያትሙት። የተቀለመውን እያንዳንዱን ቦታ ከምንጩ ጋር አስተያይተው ወይ በትምህርተ ጥቅስ ይክበቡት፣ ወይ መጽሐፉን ከድነው እንደ አዲስ ይጻፉት፣ ወይ ያለ እርሱ ጥናቱ የሚቆም ከሆነ ይሰርዙት። ከዚያ ሶፍትዌሩ ያላቀለመውን፣ እርስዎ ግን የተረጎሙት መሆኑን የሚያውቁትን ክፍል በራስዎ እጅ ያቅልሙት። ረቂቁን ይዘው ወደ አማካሪዎ ሲመለሱ ከሁሉ አስቀድመው የሚያሳዩዋቸው ይህን እርስዎ ያቀለሙትን ክፍል ይሁን፤ ስለ 31 በመቶው የሚደረገው ንግግር ከዚያ በኋላ አጭር ይሆናል።